ሰሊማ የወፈረችበት ረመዳን

ጥር 19

ይህን ደብተር ወድጄ አልጀመርኩትም። ደብረ ብርሃን ያለው ዶክተር በረከት፣ ሰሊማ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደምትሄድና ደም መኖር አለመኖሩን በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር ብሎ ሲያዝ አባ ወደ እኔ ጠቆመ። «ኑርሃን ትጻፍ፤ እሷ እንደሆነች እጇም አፏም አያርፍም» አለ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የመጀመሪያ ሥራዬ የታላቅ እህቴን ምልልስ መቁጠር ሆነ። ቁጥሩ ብቻውን ገጹን ስለማይሞላው ቀሪውን በወሬ እሞላዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ጎርፍ የሰፈራችንን ውሃ አበላሸውና ቤቱን በሙሉ ተቅማጥ ያዘው። አባ በሦስት ቀን፣ እኔና እማ በሳምንት ዳንን። የአባ አጎት ሐጂ ሳልህ በማግስቱ ዳኑ፤ እሳቸውን ባክቴሪያም ያከብራቸዋል። ሰሊማ ግን አልዳነችም። ደም መጣ። ስድስት ወር ሙሉ አሜባ ተባለ፣ ታይፎይድ ተባለ፣ ዓይን ነው ተባለ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ የእኔ ቀሚስ የሚሰፋት ሆነች።

ዛሬ የምርመራ ውጤት ልንሰማ ከሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ጣርማ በር ስንደርስ ሐጂ ሳልህ ዋሻውን ፈርተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዋሻው ወጥተን ግማሽ መንገድ ከሄድንም በኋላ አልገለጡም፤ ለካ ተኝተዋል። ዶክተሩ አንጀቷ ውስጥ በካሜራ ያየውን አሳየን። የአንጀት ቲቢ አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ የአንጀት ብግነት ይባላል አለ።

አባ ባክቴሪያ ነው አይደል ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። በሦስተኛው ዶክተሩ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋው።

«ጅብ ግቢ ገባ፣ ውሻው ጮኸ እንበል። ጅቡ ሄደ። ውሻው ግን አላቆመም፤ አሁን የቤቱን ሰው ይነክሳል። ክረምት የገባው ባክቴሪያ ጅቡ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ እኛ ሐኪሞችም ገና እየተከራከርንበት ነው። ይሄ ክኒን ግን ጅብ አይገድልም። ውሻውን ነው የሚያስተኛው።»

ሐጂ ሳልህ ውሻ የሚለውን ሲሰሙ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ከክፍሉ ወጥተን ገና ደረጃው ላይ ሳለን አባ ወደ ጀውሃ ከተማ ደወለ፤ ለያሕያ አባት። ያሕያ የሰሊማ እጮኛ ነው። ኒካሁ ከኢድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። «ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ ያልቃል» ሲል ሰማሁት። ሰሊማም ሰማች። ዶክተሩ ለዓመታት ክትትል ሊያስፈልጋት እንደሚችል የተናገረውን ጀውሃ አላደረሰውም። ባክቴሪያ የሚያልቅ በሽታ ነው። የሚያልቅ በሽታ ደግሞ ሠርግ አያፈርስም።

ዛሬ አሥራ አንድ። ደም አለ።

ጥር 23

ስምንት። ደም አለ። ኬሚስትሪ ተፈትኜ መጣሁ፤ እሱን ሐጂ ሳልህ ዱዓ ቢያደርጉበት ይሻላል።

ጥር 30

ሦስት። ደም የለም።

ድጋሚ ልጻፈው፤ ደም የለም። እማ ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ ሳመችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን የቱ ቃል እንደሆነ ጠይቃኝ እሱኑ ሳመች።

ሰሊማ ማታ ሩዝ በላች፤ ደግማም አስጨመረች። አሁን ድሉ የማን እንደሆነ ጦርነት ተነሥቷል። ሐጂ ሳልህ በሦስት ጁምዓ ያስደረጉት ዱዓ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ አበራሽ ሳትነግረን በጁስ ጠርሙስ ጠበል ታቀብላት እንደነበር ዛሬ አመነች። አባ ባክቴሪያው ሞተ ይላል። ምንም ሳይናገር ዝም ያለው ክኒኑ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ትንንሽ ነጫጭ ናቸው። ዶክተሩ በየሳምንቱ ቁጥሩን እየቀነስን እንድንሄድ ሠንጠረዥ ጽፎልኛል።

የካቲት 10

ሁለት። ደም የለም።

ሰሊማ ወፈረች። ማለት እጇና እግሯ እንደነበሩ ናቸው፤ ጉንጯ ነው የወፈረው። ክብ ሆነ፣ ወዛም ሆነ። እትዬ አበራሽ ሱቋን ትታ መጥታ ሁለቱን ጉንጮቿን ያዘችና አማረብሽ፣ አሁን ሙሽራ መሰልሽ አለቻት። ሐጂ ሳልህ ሸሚዛቸውን እያስተካከሉ፣ የሰውነት መሙላት የጤና ማኅተም ነው የሚል ስብከት ጀመሩ፤ ራሳቸው እንደ ሸምበቆ ናቸው።

እኔም የበኩሌን አዋጣሁ። ጀውሃ መንገድ ዳር ተከምሮ የሚሸጠውን እያሰብኩ «ወይዘሮ ሐብሐብ፣ ኪሎዎ ስንት ነው?» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባ ሳቀ፤ ከክረምት ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። እማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሐጂ ሳልህ እንባቸውን እየጠረጉ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። እትዬ አበራሽ ግድግዳ ይዛ ሳቀች።

ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው እንደኔ ያለ ሰው ነው።

የካቲት 22

ረመዳን ገባ። ሰሊማ አትጾምም። እዚህ ላይ ሐጂ ሳልህን ላመስግናቸው፤ ለታመመ ሰው አላህ ራሱ ያገራውን አንቺ አታክብጂው ብለው ቁርጡን ነገሯት። ችግሩ ያሕያ ቤት ድናለች ተብሏል። የዳነች ልጅ በረመዳን ቀን ስትበላ ቢያዩ ምን ይላሉ? ስለዚህ ክኒኗንና ቁርሷን የምትወስደው አባ የሚነግደውን ሽንኩርት በሚያከማችበት ክፍል ውስጥ፣ በጆንያዎቹ መሃል ቆማ ነው። እኔ በር ላይ እጠብቃለሁ፤ ሰው ሲመጣ እስላለሁ። ዛሬ ስድስት ጊዜ ከመሳሌ የተነሣ እማ ሳል ይዞሻል ብላ ጥቁር አዝሙድ አስሸተተችኝ።

ሁለት። ደም የለም።

መጋቢት 2

የያሕያ እናትና እህት ለኢፍጣር መጡ። ተምር አመጡ፣ ለሰሊማ ቀሚስ አመጡ። እህቱ ስልኳን አውጥታ ሰሊማን ፎቶ አነሣቻት፤ ከዚያ የአምና ፎቶዋን አወጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችን። «ይቺኛዋ የት ሄደች?» አለች፤ ለነገር አይደለም፣ እንዲሁ ነው። ክፍሉ ዝም አለ። ዝምታ ሲሆን እኔ አልችልም። «ሐብሐብ በላቻት» አልኩ።

ሁሉም ሳቀ። ዝምታውን ገላገልኳቸው።

መጋቢት 3

ሁለት። የለም።

ያሕያ በቴሌግራም ለሰሊማ «ሐብሐቤ እንዴት አደርሽ» ብሎ ጻፈላት። እህቱ ነግራው ነው። እሱስ ማቆላመጡ ነው። ሰሊማ ስልኩን አሳየችኝና መልሳ ወሰደችው። ሰው እንዲህ ሲያቆላምጣት ምን ያስኮርፋታል?

መጋቢት 4

ዛሬ ስለ ክኒኑ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የሆነ ነገር መለስኩላት። ነገ የሒሳብ ፈተና አለ።

መጋቢት 6

ሁለት። የለም። ከዛሬ ጀምሮ ክኒኑን ራሴ እወስዳለሁ፣ ልጅ አይደለሁም አለችኝ። እኔም ከበር ጥበቃ ተገላገልኩ።

መጋቢት 11

ሦስት። የለም። ጾም ጀምራለች። ሐጂ ሳልህ ተቆጧት። አባ ግን ደስ ብሎታል፤ ከጾመች ድናለች፣ ከዳነች ባክቴሪያ ነበር ማለት ነው። ስልክ ላይ ለያሕያ አባት ሲናገር ድምፁ የሰፈር ማይክ ነው።

መጋቢት 14

አራት ብላኛለች። እኔ የቆጠርኩት ሰባት ነው።

መጋቢት 15

ሰሊማን ሽንኩርት ማከማቻው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሆዷን ይዛለች። ደም እንዳለ ያየሁት እኔ ነኝ። ሁለት ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ለዶክተሩ ልደውል ስላት እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነው፤ በዚህ ሮቢት በሚነድበት ወር ቀዝቃዛ እጅ።

«ኢድ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ኒካሁ ይለፍና ራሴ እሄዳለሁ። ኑሪዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አፍሽን ያዢልኝ።»

ያዝኩላት።

ሁለት። የለም።

መጋቢት 16

ሁለት። የለም።

መጋቢት 17

ሁለት። የለም።

መጋቢት 18

ስትሰግድ ከሱጁድ መነሣት አቃታት። ሐጂ ሳልህ ልጅቷ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ትሂድ አሉ። እኚህ ሰውዬ ዋሻ የሚፈሩት፣ ውሻ ሲነሣ ልብሳቸውን የሚሰበስቡት ናቸው፤ ከሁላችን ቀድመው ግን እሳቸው አሉ። አባ ሦስት ቀን እንታገሥ፣ ጾሙ ነው ያደከማት አለ። ለኢድ የያሕያ ዘመዶች እንደሚመጡ ያልነገረው ሰው የለም። ሐጂ ሳልህ ወደ እኔ ዞረው «ደብተርሽ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ደህና ነው አልኩ።

መጋቢት 21

ኢድ። ከሰላት እንደተመለስን። በአዲሱ ቀሚስ ለእንግዶቹ ውሃ ይዛ ስትመጣ ወደቀች። ቀሚሱ በደም ተነክሯል። በያሕያ አባት ፒክአፕ ተጭና። እማ ከኋላ አቅፋት። እኔ እግሯን ይዤ። ያሕያ እየነዳ አንዴም ዞር አላለም፤ መስተዋቱ ውስጥ ግን ዓይኑን አየሁት።

መጋቢት 22

ደብረ ብርሃን። ብርድ። እኔና አባ ኮሪደር ላይ።

ዶክተር በረከት ክኒኑ መቼ እንደቆመ ጠየቀ። አባ እየወሰደች ነው አለ። ሰሊማ ከአልጋው ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀች። ከመጋቢት ስድስት ጀምሮ እንዳልወሰደች፣ ፍራሿ ሥር እንዳለ፣ ማንም ተዪው እንዳላላት ተናገረች። ማንም የምትለውን ስትናገር እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻል ነበር።

ያ ክኒን በአንዴ አይቆምም አለ ዶክተሩ። ሰውነት ከውጭ እየመጣለት ነው ብሎ የራሱን መሥራት ያቆማል፤ ከዚያ በድንገት ሲቋረጥበት ባዶ እጁን ይቀራል። አንጀቱም ከበፊቱ ብሶ ይነሣል። ከዚያ «የምትጽፈው ልጅ የታለች?» አለ። ደብተሩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሁለት፣ የለም። ሁለት፣ የለም። ሁለት፣ የለም። ስለ ዋሻውም ስለ ጁስ ጠርሙሱም አንብቦ ይሆናል። የመጋቢት አሥራ አራቱ ገጽ ላይ ቆየ። ዘግቶ መለሰልኝ። ባይመልስልኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

መጋቢት 23

ትልቁ አንጀቷ ተበስቷል። ለቀዶ ሕክምና አስገቧት። አባ ፈረመ። ፊርማውን ሁለቴ ተሳሳተ።

መጋቢት 24

ሆስፒታሉ አጥር ሥር ፀሐይ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሰሊማ ከቀዶ ሕክምናው ወጥታለች፤ አልነቃችም። እንድንገባ አይፈቅዱም። ስለዚህ የመጋቢት አራቱን ልጻፈው። በዚያን ቀን «የሆነ ነገር መለስኩላት» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ልብስ እያጠፍን ነበር። መስተዋቱ ፊት ቆመችና ጉንጯን በሁለት ጣቷ ቆነጠጠች።

«ክኒኑ ነው አይደል እንዲህ ያደረገኝ?»

ከፓኬቱ ውስጥ ያለውን ወረቀት አወጣሁ። እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ከስምንተኛ ክፍል ስለወጣች አታነበውም። ፊት ያሳብጣል የሚለውን አገኘሁላት። ከሥሩ ያለ ሐኪም ፈቃድ በድንገት አታቁሙ የሚል አለ፤ በጥቁር የተጻፈ ነው፤ አየሁት። ላነብላት ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ነበር።

እሷ ቀድማ፣ ብተወውስ አለችኝ።

እኔም ቀልድ መጣልኝ። ቀልድ ሲመጣልኝ ማስጠንቀቂያ ይጠብቅ ነው የምለው። የአባን ድምፅ አስመስዬ፣ ሆዴን ወደፊት ገፍቼ፣ «ባክቴሪያው ከሞተ ክኒኑ ለማን ነው? ለሐብሐቧ ነው?» አልኳት።

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩት። ልብሱን ጨረስን።

ዶክተሩ ጅብ አይገድልም ብሎ ሲናገር እኔ ነበርኩ። አባ ባይገባው አሥራ ሁለት ልጆች ከነበሩበት ቤት ሳይማር የወጣ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ሐጂ ሳልህ ባይገባቸው ውሻ ከተባለ በኋላ ልብሳቸውን ሲሰበስቡ ነበር። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ዘጠና አራት ያለኝ ልጅ ነኝ። ገብቶኝ ነበር።

መጋቢት 25

ለአምስት ደቂቃ አስገቡኝ። አፏ ላይ ቱቦ አለ። ጆሮዋ ሥር ሆኜ ይቅር በይኝ አልኩ። ነርሷ ልትሰማ ትችላለች ብላኛለች፤ ላትሰማም ትችላለች። ጣቷን ይዤ ቆየሁ። ካንቀሳቀሰች ብዬ ጠበቅሁ። ሰዓቱ አለቀ።

መጋቢት 26

ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

መጋቢት 29

ሦስተኛ ቀን።

ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው፤ እኛ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ። የያሕያ እናት መጥታለች፤ እማ አጠገብ ተቀምጣ እጇን አልለቀቀችም። እትዬ አበራሽ ሱቋን ከዘጋች ሦስት ቀኗ ነው። ከጓዳ ውሃ አንቆርቁሮ የሚያቀርብ፣ ሩዝ የሚጨልፍ፣ ሳህን የሚያጥብ የሰፈር ሰው ሞልቷል። እኔን ሥራ አያስነኩኝም።

አንዷ አሮጊት፣ ገላዋን ካጠቡት አንዷ ናት፣ «ፊቷ ሞልቶ፣ አምሮባት ነው የሄደችው። ከስታ ብትሄድ ይቆጨን ነበር» አለች። ሌሎቹ አልሐምዱሊላህ አሉ። በዚህ መሃል አባ ከድንኳኑ ለሰላት ውሃ ሊወስድ ገብቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ማልቀስ አቃተውና እንዲህ አለ፤ «ባክቴሪያው ነው የጨረሳት። የክረምቱ ባክቴሪያ።»

ተነሣሁ።

«አልወፈረችም። ክኒኑ ነው ፊቷን ያሳበጠው። እየሳቅኩባት አሳፈርኳትና ተወችው። ወረቀቱ አታቁሙ ይል ነበር፤ አላነበብኩላትም። እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አሮጊቷ ጎኗ ያለችውን በክርኗ ጎሸም አደረገች። አንዷ፣ ይቺ ልጅ መቼም ቀልዷ፣ በሐዘን እንኳ አይተዋትም ብላ በለሆሳስ ስታወራ ሰማሁ። አባ ደክሞት ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ኑርሃን፣ ዛሬ እንኳ ተይ። ዛሬ ቀልድ አይደለም» አለና ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ። ሐጂ ሳልህ ከውጭ ሆነው ሰምተዋል፤ በሩ ጋ መጥተው አዩኝ፤ ዞረው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። እትዬ አበራሽ እጄን ስባ አስቀመጠችኝና ውሃ አጠጣችኝ። ሐዘኑ ነው የሚያናግራት አለቻቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሰው ቀለል ሲል ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። እማ ተከትላኝ መጣች። ምንጣፍ አልፈለገችም፤ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ አልቋል፤ ሦስት ቀን አልቅሳለች።

«እውነትሽን ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ክኒኑ ያለበትን ጠየቀችኝ፣ ወረቀቱ የሚለውን ጠየቀችኝ። መለስኩላት። በመጨረሻ ያን ቀን ልብስ ስታጥፉ ምን ነበር ያልሻት አለችኝ። ነገርኳት። የአባን ድምፅ ሳላስመስል፣ እንዳለ ነገርኳት። እንድደግመው ጠየቀችኝ። ደገምኩት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር።

«ሳቀች?» አለችኝ። «ያን ስትያት፣ ልጄ ሳቀች?»

«አዎ እማ፣ በጣም ነው የሳቀችው» አልኳት።

ለእማ ከተናገርኩት ሁሉ የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው።